ለቀለበት ድግስ የስፔን ሜኑ ስታወጡ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ስህተቶች፣ ከድሬ ጓዳ

ባለፈው ጥር የታናሽ እህቴ ቀለበት ነበር። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ እቤታችን ግቢ ውስጥ። እጮኛዋ 6 ዓመት ቫሌንሲያ የኖረ ልጅ ስለሆነ "ምግቡ የስፔን ይሁን" ተባለና ጓዳው ለእኔ ተሰጠ። 60 ሰው ጠርተን 85 መጣ። ከዚያ በኋላ ሐረር ላይ የአንድ ዘመዳችንን፣ እዚህ ከዚራ ደግሞ የአንዲት ጓደኛዬን ቀለበት በዚሁ ዓይነት ሜኑ ደግሰናል።

አሁን ሰዎች እየደወሉ ይጠይቁኛል። ስሰማቸው እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ሊሳሳቱ ሲሉ እደርሳለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው።

ዋናውን ቀድሜ ልናገር። ሜኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው፣ ፎቶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስፔን ሰፊ አገር ናት። እንደ ድሬ የሚያቃጥል ሙቀት አላት፣ ሲጾም የኖረ ሕዝብ አላት፣ ሙስሊሞች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበትና የገዙት ደቡብ አላት። ለእኛ እንግዳ የሚስማማው ምግብ እዚያው ስፔን ውስጥ ተቀምጧል፣ ፈልጎ መምረጥ ብቻ ነው።

ሜክሲኮን ስፔን ብሎ ማቅረብ

ይሄ ቶሎ ያልቃል። ታኮ፣ ቡሪቶ፣ ናቾስ፣ ጓካሞሌ የሜክሲኮ ናቸው። የሚያምታታው ቋንቋው አንድ መሆኑ ነው። በተለይ ቶርቲያ የሚለው ስም። የሜክሲኮው ከበቆሎ ወይ ከስንዴ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ የስፔኑ ግን በዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ ድንች ከእንቁላል ጋር ተመትቶ በመጥበሻ ላይ እንደ ወፍራም ዳቦ የሚገለበጥ ነው። ሽንኩርት ይግባ አይግባ ራሳቸው ስፔኖቹም ይከራከሩበታል፣ እኔ አስገባለሁ። ወጥ ቤት ከቀጠራችሁ "ቶርቲያ ሥሪልን" ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ሐረር ላይ የድግሱ ጠዋት ሁለት ትሪ ስስ ቂጣ ተጋግሮ ጠብቆናል።

ስጋው የማን እንደሆነ አለመለየት

ድሬና ሐረር ላይ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው።

የስፔን ሜኑ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሀሞንና ቾሪሶ ነው። ሀሞን የአሳማ እግር ነው፣ ቾሪሶም የአሳማ ቋሊማ። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አይበላውም፣ ክርክር የለውም፣ ይወጣል። ግን አሳማ ተደብቆ የሚገባበት ሌላ በር አለ። ፖልቮሮንና ማንቴካዶ የሚባሉ የስፔን ኩኪሶች በባህላዊ አሠራራቸው የአሳማ ሞራ አለባቸው። ዘመድ ከማድሪድ በሻንጣው ይዞ ከመጣ ካርቶኑን አስነብቡ፤ "ማንቴካ ዴ ሴርዶ" የሚል ካለበት የአሳማ ሞራ ማለት ነው።

ከአሳማው ይልቅ የሚያስቸግረው የበሬው፣ የበጉና የዶሮው ነው። የእህቴ ቀለበት ላይ አልቦንዲጋስ ሠራን፤ በቲማቲም ስጎ የሚቀርብ የተፈጨ ስጋ ድቡልቡል ነው። ግማሹ የሙስሊም ስጋ፣ ግማሹ የክርስቲያን። አሳላፊዎቹ ያውቃሉ ብለን ምልክት አላደረግንበትም። እነሱ ግን በጥድፊያ ትሪ ተቀያየሩ። አንድ እንግዳ "ይሄ የማን ነው?" ብለው ጠየቁ፣ የተጠየቀው ልጅ መልስ አጣ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያንን ትሪ የነካው ሰው የለም። ከጎኑ የነበረው ድንችና እንቁላል እንኳ እንዳለ ጓዳ ተመለሰ። እንግዳ ሲጠራጠር አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ "ጠግቤያለሁ" ይላል። እናቴ ያን ቀን ያዘነችው ሐዘን እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ስጋ ያለበት ምግብ አንድ ቢበዛ ሁለት። የሙስሊሙን ሙስሊም ጎረቤት አሳርዳ፣ በራሷ ቤት፣ በራሷ ድስት ትሠራዋለች፤ ድሬ ላይ ድሮም የኖርንበት ነው። ጠረጴዛው፣ ጭልፋው፣ አሳላፊው ሁሉ ለየብቻ ይሆናል። የቀረው ሜኑ በሙሉ ስጋ የማይነካው ይሁን። ፓኤያው (በሰፊ መጥበሻ የሚሠራው ሩዝ) በዓሳና በአትክልት፣ ቶርቲያው፣ ድንቹ፣ ሽምብራው፣ ቲማቲም የተቀባው ዳቦ። መሃል ላይ የሚቀመጠው ትልቁ መጥበሻ ሁለቱም ወገን እጁን የሚዘረጋበት መሆን አለበት።

ለስጋው ደግሞ እኔ የምመርጠው ፒንቾ ሞሩኖ ነው። ስሙ የሙሮች ጥብስ እንደማለት ነው፣ ሙር የሚሉት የሰሜን አፍሪካን ሙስሊም ነው። ከሙን፣ ጣፋጭ የተፈጨ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ዘይት፤ ስጋው በዚህ ታሽቶ ያድርና በሽቦ ተሰክቶ ከሰል ላይ ይጠበሳል። ዛሬ ስፔን ውስጥ ብዙ ጊዜ በአሳማ ይሠሩታል፣ የቀድሞው ግን በግ ነው። እኛ የበግም የፍየልም እናደርገዋለን። ድሬ ላይ ከሰልና ፍየል የሚያውቅ ሰው ለመፈለግ ደግሞ ከሰፈር መውጣት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሽማግሌዎች ስነግራቸው ስለሚወዱት። ሙስሊሞች ስፔንን በፈረንጆቹ ከ711 እስከ 1492 ድረስ በተለያየ ስፋት ስለገዙ፣ ብዙ የጓዳ ቃላቸው ከአረብኛ የመጣ ነው። ሩዝ "አሮስ"፣ ስኳር "አሱካር"፣ ዘይት "አሴይቴ"፣ ዛፍራን "አሳፍራን"፣ ሎሚ "ሊሞን"። አልቦንዲጋስም ስሙ ከአረብኛ ነው። ሐረር ላይ ይሄን የነገርኳቸው አንድ አባት እጃቸውን ታጥበው "እንግዲያማ የራሳችን ነው፣ አምጡት" ብለው ተቀመጡ።

ካላንደር ሳያዩ ሜኑ መዝጋት

ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ወይ እሁድ ስለሚሆን ረቡዕና ዓርብን ያመለጥን ይመስለናል። ግን ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ቅዳሜና እሁዱም በውስጡ አለ። ቀን ተቆርጦ ሲነገራችሁ መጀመሪያ ይሄን እዩ። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ሙስሊም እንግዳ ከመግሪብ በፊት እንዳትጠሩ፣ ከቻላችሁ ቀኑን ግፉት።

ጾም ላይ ከወደቀ ቶርቲያው በእንቁላሉ፣ ክሮኬታው (በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የሚጠበሰው ድቡልቡል) በወተቱና በቅቤው ይወጣል። ሰው እዚህ ላይ "ሜኑው ፈረሰ" ብሎ ይደነግጣል። አልፈረሰም። የደቡብ ስፔኗ የሴቪያ ከተማ ሰዎች በዐቢይ ጾማቸው የሚወዱት እስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ የሚባል ምግብ አለ፤ ሽምብራ በስፒናች ነው። ስፒናች ካጣችሁ ቆስጣ ይሆናል። የደረቀ ዳቦ በዘይት ይጠበስና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከከሙንና ከትንሽ አቼቶ ጋር በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከዚያ ሽምብራውና ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ያወፍረዋል። ከእንጀራም ከዳቦም ይሄዳል። ጾም ባይሆንም እሠራዋለሁ፣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

አሊዮሊ የሚባለው ማባያም እንደዚሁ። ሆቴል ቤት የሚሰጣችሁ ማዮኔዝ በነጭ ሽንኩርት ነው፣ ስለዚህ እንቁላል አለበት። የካታላኖቹ (የሰሜን ምሥራቅ ስፔን ሰዎች) የጥንቱ ግን ስሙ ራሱ "ነጭ ሽንኩርትና ዘይት" ማለት ነው፣ ሌላ የሚገባበት ጨው ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን በሙቀጫ ከጨው ጋር ልም እስኪል ውቀጡ፣ ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በአንድ አቅጣጫ አሹት። ትዕግሥት ይፈልጋል። ዘይቱን አንዴ ከደፋችሁበት ይለያይባችኋል።

ስለ ዓሳ ግን ጠይቁ። በጾም የሚበላ ኦርቶዶክስ አለ፣ የማይበላም አለ። የማይበሉ ካሉ ፓኤያው የአትክልት ብቻ ይሁን፣ እሱም ስፔን ውስጥ ያለ ነው።

ፓኤያን እንደ ፒላው መሥራት

እኛ ሩዝ እናውቃለን። ድሬ ላይ ያደገ ሰው ሩዝ በስጋ፣ ሩዝ በዘቢብ እየበላ ነው ያደገው። ፓኤያ ላይ የሚያሳስተንም ይሄ ማወቃችን ነው።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነበር። ትልቁን ብረት ድስት ጣድኩ፣ 6 ኪሎ ባስማቲ ጨመርኩ፣ በየመሃሉ አማሰልኩ፣ ከደንኩት። ታችኛው አረረ፣ መሃሉ ገንፎ ሆነ፣ ላዩ ጥሬ ቀረ። የሙሽራው እናት በዝምታ በሉት። ልጁ ግን ቫሌንሲያ የኖረ ነውና ዓይቶ አወቀው።

ፓኤያ የሚለው ቃል የመጥበሻው ስም ነው። ሰፊ፣ ዝርግ፣ ጠርዙ አጭር። ሩዙ መጥበሻው ላይ ሲዘረጋ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ መወፈር የለበትም፣ ምክንያቱም ውኃው መትነን ያለበት ከላይ ነው፣ እና የታችኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ቀልቶ ይጠበሳል። እሱን ሶካራት ይሉታል፤ ስፔኖች የሚሻሙበት ክፍል ነው። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጥበሻ ለ20 ሰው ገደማ ይበቃል። 60 ሰው ካላችሁ ሦስት መጥበሻ ጣዱ እንጂ አንድ ጥልቅ ድስት አትጣዱ። እኛ ብረታ ብረት የሚሠራ ልጅ ጋ ሄደን ከጥቁር ላሜራ አስቀጠቀጥን። የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ ለምግብ ስለማይሆን ያንን እንዳታሠሩ።

ሩዙ ክብ፣ አጭር ፍሬ ያለው ይሁን። ባስማቲ ለየብቻው ተንደልድሎ እንዲቆም የተወደደ ሩዝ ነው፣ መረቁን ግን እንደ አጭሩ አይጠጣም። ስፔኖቹ ቦምባ የሚባለውን ይመርጣሉ፣ እሱ ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ገበያ ውስጥ አጭር ፍሬ ስታዩ ሩብ ኪሎ ገዝታችሁ እቤት ሞክሩት። ለአንድ ሰው 100 ግራም ዋና ምግብ ከሆነ፣ ሌላ ብዙ ነገር ካለ 60 ግራም ይበቃል። አታጥቡት። መረቁ በመስፈሪያ ከሩዙ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ።

መጀመሪያ ዓሳውን ወይ አትክልቱን ጥበሱና ወደ ዳር አድርጉ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈቀፈቀ ቲማቲም ውኃው እስኪያልቅ ይቁላላ። ሩዙን ጨምሩ፣ አንዴ አዟዙሩት፣ የፈላውን መረቅ አፍስሱ፣ በእኩል ዘርጉት። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ! ማማሰያው ይቀመጥ። ካማሰላችሁት ከሩዙ የሚወጣው ስታርች ገንፎ ያደርገዋል። አትክደኑት። 10 ደቂቃ ኃይለኛ እሳት፣ 8 ደቂቃ ለስላሳ፣ ከዚያ አውርዳችሁ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና 5 ደቂቃ ይረፍ።

ይሄ 18 ደቂቃ ግን የቫሌንሲያ ነው፤ ቫሌንሲያ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ባልን ቁጥር ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ድሬ 96 ዲግሪ ገደማ፣ ሐረር 94 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ ሩዙ ይዘገያል። ድሬ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ሐረር ላይ ከዚያም በላይ ጨምሩ፣ ትንሽ ትኩስ መረቅም በእጃችሁ ይኑር። እኔ ሐረር ስሄድ ይሄን ረስቼ ሩዙ ጥርስ ላይ ይሰማ ነበር።

እሳቱስ? የቡታጋዝ ምድጃ መሃሉን ብቻ ነው የሚያሞቀው። ለሰፊ መጥበሻ ከሰል ይሻላል፤ ሦስት ድንጋይ ወይ ብረት ጎልታችሁ ከሰሉን እስከ ጠርዙ ዘርጉት። ለለስላሳው እሳት ግማሹን በአካፋ አውጡ። ቫሌንሲያዎች የሚያሞግሱት የብርቱካን እንጨት ነው።

ደግሞ ከመጥበሻው ወደ ሳህን አታንቆርቁሩት። የቫሌንሲያ ባህል መጥበሻውን መሃል አስቀምጦ፣ ሁሉም በየፊቱ ያለውን በእንጨት ማንኪያ መብላት ነው። ለእኛ ይሄ ማስተማር አያስፈልገውም። የእህቴ እጮኛ ቫሌንሲያ ገና እንደገባ ከገበታው ጋር ያቀራረበው ይሄ እንደነበር ነግሮናል፣ የእናቱ ቤት መስሎት።

ዛፍራን ብሎ ቀለም መግዛት

አንዱ ሱቅ ረከስ ያለ "ዛፍራን" ሸጦልኝ ውኃው ወዲያው እንደ ብርቱካን ጁስ ሆነ፣ ሽታ የለውም። እውነተኛው ዛፍራን ከአበባ ውስጥ በእጅ የሚለቀም ቀይ ክር ነው፤ ለ1 ግራም 150 አበባ ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ርካሽ ሊሆን አይችልም። ለብ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት ክር ጣሉ። ቀለሙን ቀስ እያለ ቢጫ አድርጎ ከለቀቀና ክሩ ራሱ ቀይ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። ወዲያው ቀልቶ ክሩ ከነጣ የተነከረ ነው።

አቅም ከሌለ ደግሞ የእርድ ዱቄት ትንሽ ቆንጥራችሁ ለቀለም ጨምሩ፣ ግን ዛፍራን ነው አትበሉ። እርድ ሲበዛ መራራ ነው።

ሁሉንም ነገር በበርበሬ ማዳን

ምግቡ ሲቀመስ "አልጫ ሆነ" ይባላል። አክስቴ ፓኤያው ላይ ሚጥሚጣ ልትበትን ስትል እጇን ይዤ ለመንኳት። የስፔን ምግብ አብዛኛው አያቃጥልም፣ ጣዕሙ ከዘይቱ፣ ከቲማቲሙና ከነጭ ሽንኩርቱ ነው። ፒሜንቶን የሚሉት በርበሬያቸው፣ በተለይ ላ ቬራ ከሚባለው አካባቢ የሚመጣው፣ በኦክ እንጨት ጭስ የሚደርቅ ነው። የእኛን በርበሬ በእሱ ቦታ ካስገባችሁት ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ አብሮ ይገባና ወጥ ይሆናል። የሚሻለው ያልተቀመመ፣ የማያቃጥል፣ እቤት የተፈጨ የበርበሬ ዱቄት ነው።

ማቃጠል የሚወድ እንግዳም ይከበር። ጠረጴዛ ላይ ዳጣ፣ አዋዜ፣ የሶማሌዎቹ ባስባስ በትንሽ በትንሽ ሳህን ይቅረብ። ፓታታስ ብራቫስ ላይ ያለው ቀይ ስጎም ከስፔን ምግብ ውስጥ ትንሽ ያቃጥላል፣ እሱን ጠንከር አድርጉት። የተጠበሰ ድንች ላይ የሚፈስ ነው፣ ወጣቶቹ ከሱ ትሪ አይርቁም።

የድሬን ሙቀት መርሳት

ማዮኔዝ፣ ክሮኬታ፣ ዓሳ፣ የቀዘቀዘ ሩዝ፤ እነዚህ ሁሉ በድሬ አየር አደገኛ ናቸው። ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ የበሰለ ምግብ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ። ጠዋት ሠርቶ ማታ ማቅረብ አይታሰብ፣ መብራት ቢሄድ ፍሪጁም አይታመንም። ጥሬ እንቁላል ያለበትን ማዮኔዝ በተለይ ተዉት።

ሙቀቱ ግን የሚሰጠንም ነገር አለ። ጋስፓቾ የተወለደው ከአንዳሉሲያ፣ ከደቡብ ስፔን በጋ ነው። 1 ኪሎ የበሰለ ቲማቲም፣ አንድ ኪያር፣ አንድ አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ቁራሽ የትናንት ዳቦ፣ ጨው፣ ሁለት ማንኪያ አቼቶ፣ ሩብ ብርጭቆ የወይራ ዘይት፤ ይፈጫል፣ ይጠለላል፣ በጣም ይቀዘቅዛል። "ቀዝቃዛ ሾርባ" ብላችሁ አታቅርቡት፣ ሽማግሌው ፊቱን ያጠቁራል። በሻይ ብርጭቆ አድርጋችሁ እንደ መጠጥ አዙሩት፣ እነሱም በብርጭቆ ይጠጡታል። በሩ ላይ፣ ሰው ገና ከፀሐይ እንደገባ። በረዶው ከፈላ ውኃ የተሠራ ይሁን።

የወይራ ዘይት ውድ ስለሆነ በጥሬው ለሚቀመስበት ቦታ ቆጥቡት፤ ለጋስፓቾውና ለዳቦው። ለመጥበሻ የሱፍ ዘይት ይበቃል። ዳቦ ያልኩት ፓን ኮን ቶማቴ ነው፦ ዳቦው ይጠበሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል፣ ቲማቲም ለሁለት ተቆርጦ ይታሽበታል፣ ዘይትና ጨው። አለቀ። ከሜኑው ሁሉ ርካሹ ነው፣ ለጾምም ይሆናል።

ታፓስ ብቻ አቅርቦ ምግብ ቀረበ ማለት

ታፓስ በስፔን ሰው ቆሞ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሄደ የሚቀምሰው ነው። የእኛ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ "ብሉልን" ተብሎ ነው የሚበላው። እህቴ ቀለበት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ትናንሽ ነገር ስናዞር ቆየንና አያቴ ጠርታኝ "ልጄ፣ ምሳው መቼ ነው የሚቀርበው?" አለችኝ። ለካ ሁሉም ይጠብቅ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሳይበሉ ወጥተዋል።

ስለዚህ ታፓሱ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ለአንድ ሰው ከየዓይነቱ ሁለት ፍሬ። ከዚያ ሰው ይቀመጥ፣ መጥበሻው ይምጣ። ለትልልቆቹ አንድ ጥግ ላይ እንጀራና ወጥ አዘጋጁ፣ ይሄ ሜኑውን አያበላሸውም። እንጀራ ያጣ ሽማግሌ ምርቃቱን ያሳጥራል።

ሰዓቱንም አስቡ። ፓኤያ በቫሌንሲያ የምሳ ምግብ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ ይበላል። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ በርጫ የተቀመጠ ሰው 11 ሰዓት ላይ ምንም ቢያቀርቡለት አያምረውም። ወይ ምሳ ይሁን፣ ወይ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ። መሃሉ ላይ የተደገሰ ድግስ ምግቡ ይተርፋል።

ብዙ ዓይነት መደርደር

የመጀመሪያው ሜኑዬ ላይ 14 ዓይነት ነበር። አሁን 6 ነው፦ ጋስፓቾ፣ ዳቦ በቲማቲም፣ ቶርቲያ፣ ሽምብራው፣ ፒንቾ፣ ፓኤያ። ከጨመርኩ ኤምፓናዲያ እጨምራለሁ። ቱና፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም በሊጥ ተጠቅልሎ በዘይት የሚጠበስ ነው፤ ሳንቡሳ የምትሸጠው ሴትዮ አንዴ ካሳያችኋት ከእናንተ አሳምራ ትሠራዋለች። ከፍላችሁ አሠሯት፣ እናንተ ፓኤያው ጋ ቁሙ። ለቅምሻ የባቢሌ ለውዝ ቆልታችሁ ጨው አድርጉበት፤ ቫሌንሲያዎችም ለውዝ ከወይራ ፍሬ ጋር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ።

ለቶርቲያው ስሌት፦ ለአንድ መካከለኛ መጥበሻ 700 ግራም ድንችና 7 እንቁላል፣ በትንሽ በትንሹ ሲቆረጥ 25 ቁራጭ ገደማ። ለተጠራው ሰው ሳይሆን ለሚመጣው ሰው ቁጠሩ። እኔ በጠራሁት ላይ ሲሶ እጨምራለሁ።

ሳንግሪያውን በአንድ ሳፋ መበጥበጥ

ሳንግሪያ ቀይ ወይን ከብርቱካን፣ ከሎሚና ከስኳር ጋር ነው። ለሚጠጣው በጉደር ወይን ይሆናል፣ የበሰለ ብርቱካን ጨምሩበት፣ ስኳሩን ቀንሱ። ግን ጆጉ ከቀሪው መጠጥ ይራቅ። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ጆጎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጅም ሙስሊሙም ይሳሳታል። አልኮል የሌለበትን ከከርከዴ እናደርጋለን፤ ቀዝቅዞ፣ ብርቱካንና ቀረፋ ገብቶበት። ቀለሙ ስለሚመሳሰል እሱን በግልጽ ብርጭቆ፣ ወይኑን በሸክላ ማንቆርቆሪያ ለዩ። የስፔን ነገር ከፈለጋችሁ ግራኒሳዶ ደ ሊሞን አለ፣ የሎሚ ጭማቂ ከተፈጨ በረዶ ጋር፣ ለድሬ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ስጎ ውስጥም ወይን አትጨምሩ፣ የስፔን አሠራር ብዙ ቦታ ይጨምራል።

ቡናውን በኬክ መተካት

እነሱ ከምግብ በኋላ ሳይነሱ ተቀምጦ ማውራትን ሶብሬሜሳ ይሉታል፣ ራሱን የቻለ ስም አለው። እኛ ጋ ይሄ ቡና ነው። ከዚራ ላይ "የስፔን ምሽት ስለሆነ" ተብሎ ረከቦቱ ቀርቶ ኬክ ብቻ ተቆረጠ፣ ሰው በ20 ደቂቃ ተበተነ፤ የሁለቱ ቤተሰብ እናቶች ሳይጫወቱ ተለያዩ።

የሐረር ቡና ይፈላ፣ ዕጣኑ ይጨስ፣ ቁርሱ ግን ቹሮስ ይሁን። ሊጡ የፈላ ውኃ፣ ዱቄትና ጨው ብቻ ስለሆነ የጾምም ነው። አፉ ኮከብ በሆነ መጭመቂያ አውጡት፣ ክብ ከሆነ ውስጡ አየር ይይዝና ዘይት ላይ ይፈነዳል። ቹሮስ ከቀዘቀዘ እንደ ጎማ ነው፣ ቀድማችሁ አትጥበሱት። ሙሸበክ የሚጠብስ ሰው ካወቃችሁ ለዚህ ሥራ እሱን ጥሩ፣ የዘይቱን ሙቀት በዓይኑ ያውቀዋል። አቦል ሲቀዳ ዘይቱ ይጣድ፤ ቶና ላይ የመጀመሪያው ትሪ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል።